የመኪና መስታወት ንጽሕና

መኪና ስንነዳ መንገዱን የምናየው በፊት መስታወቱ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። መስታወቱ አቧራ ለብሶ የማታ ፀሐይ ስታርፍበት፣ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ አይታየንም። ታዲያ ምን እናድርግ?

አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አንፈትግ፤ አሸዋው መስታወቱን ይጭረዋል። መጀመሪያ ውሃ እናፍስበት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እንጥረገው። ዝናብ መጥረጊያውንም ውሃ ሳንረጭ አናሠራው።

የሚረጨው ውሃ ከኮፈኑ ሥር ባለ ዕቃ ይቀመጣል። በቆላ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ውርጭ ባለበት ደጋ ግን ውሃው 0 ዲግሪ ላይ በረዶ ይሆናል፤ እዚያ በውርጭ የማይረጋ ፈሳሽ እንምረጥ።

ይሁን እንጂ አንዳንዱ ፈሳሽ ሜታኖል የሚባል መርዝ አለበት። ቢጠጣ ያሳውራል፤ ይገድላልም። ስለዚህ በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አናስቀምጠው፤ ልጆች ከማይደርሱበት እናኑረው።