ለወራሪ የተሰጠ ወፍራም ድምፅ

ኦፔራ ማለት ንግግሩ በዜማ የሚባል ቴያትር ነው። በኢጣልያ ኦፔራ ቴኖር የሚባለው ቀጭን የወንድ ድምፅ ለአፍቃሪው ይሰጣል፤ እጅግ ወፍራሙ፣ ማለት ባስ፣ ብዙውን ጊዜ የንጉሥ፣ የካህን ወይም የሽማግሌ አባት ነው። ጁሴፔ ቬርዲ በ1846 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በቬኒስ ያሳየው «አቲላ» ግን ዋናውን ሰው ባስ አድርጎታል፤ ያውም ኢጣልያን የወረረውን የሁኖች ንጉሥ!

ይህ ኦፔራ በዘመኑ ቢወደድም ኋላ ለብዙ ጊዜ ተረስቶ ነበር፤ ዛሬም የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ኦፔራ ቤት በሌለበት በጭሮም ሆነ በሚኤሶ ለምንኖር መንገዳችን ሸክላ ነው። ባሱ ሩጄሮ ራይሞንዲ በ1972 በላምቤርቶ ጋርዴሊ መሪነት የቀዳውን እመርጣለሁ። አቲላ ሕልሙን የሚተርክበትን ክፍል ልብ ብላችሁ ስሙ። አንድ ሽማግሌ በሮማ በር ላይ እንዳገደው ሲናገር ያ ግዙፍ ድምፅ ይሰበራል። ወዲያው ግን በፍርሃቱ ያፍርና ሠራዊቱን ይጠራል።

የሮማው ጦር አለቃ ኤጽዮ ኢጣልያ ብቻ ለእርሱ ከቀረችለት ሌላውን ዓለም እንዲወስድ ሲያግባባው፣ አቲላ እንደ ከሃዲ ቆጥሮ ይንቀዋል። ያን ጊዜ ቬኒስ በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ነበረች። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. እኛን መውረሩን የጨርጨር ልጅ እንዴት ይረሳል? እኔም ስሰማው ተናድጄ ነበር። ነገር ግን ቬርዲ ለጠላቱ ክብር ያለው ድምፅ ሰጥቶታል፤ እኔ ብጽፈው ኖሮ መሳቂያ አደርገው ነበር።

ማነጻጸር የሚወድ ሳሙኤል ሬሚ በ1989 ከሪካርዶ ሙቲ ጋር የቀዳውን ይፈልግ፤ ከሕልሙ ይጀምር።