አሮጌውን የጭነት መኪና ስለ ማደስ

አዲስ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ይችላል፤ አሮጌውን ማደስ ግን ትዕግሥትና እውነት ይጠይቃል። ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር በቤትና በልብስ ታዩታላችሁ፤ በዛሬው ትምህርታችን ግን በከባድ የጭነት መኪና እንመለከተዋለን። በመኪና የሚጫነው እህልና ከብት ብቻ ሳይሆን የሰው ነፍስም ስለ ሆነ፥ የአዳሹ እውነት ከሁሉ ይልቅ በዚህ ሥራ ይፈተናልና።

ሜጋ በቦረና ምድር፥ ከአዲስ አበባ በያቤሎ አልፎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርስዋ እስከ ሞያሌ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ምሽግ ነበረባት፤ በ1933 ዓ.ም. የካቲት 11 ቀን የደቡብ አፍሪካ ጦር ከጣልያኖች እጅ ወሰዳት። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ጣልያኖች ወደ ኢትዮጵያ ካመጧቸው የጭነት መኪናዎች ብዙዎቹ በአገራችን ቀሩ፤ በነጋዴዎችም እጅ ገብተው ለብዙ ዓመታት ጭነት አመላለሱ።

ከእነዚህም መካከል ስሙ የገነነው ፊያት 634 ነው። የአገራችን ሰዎች «ትሬንታ ኳትሮ» አሉት፤ ይኸውም በጣልያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣ፥ ስድስት ሲሊንደርና 75 የፈረስ ጉልበት የነበረው መኪና ነው፤ ጣልያኖችም ስለ ግዙፍነቱ «ዝሆን» ብለው ይጠሩት ነበር። ከቍጥሩ በኋላ «ኤን» የሚል ፊደል ነበረበት፤ ትርጓሜውም ናፍታ ነው። ከእርሱ በኋላ በ1952 እ.ኤ.አ. ፊያት 682 ወጣ፤ የእርሱ ወገን የሆነውም «ኤን ትሬ» በአገራችን መንገዶች የታወቀ ሆነ።

ከመኪናዎቹ ጋራ ስሞቻቸውም ቀሩ። ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ጋቢና የምንላቸው ቃሎች ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው ተባርሮ ሄደ፤ ዕውቀቱን ግን የአገራችን ሰዎች በረዳትነትና በመካኒክነት ደክመው የራሳቸው አደረጉት። ከጠላት የተገኘም ቢሆን ለሕዝብ የሚጠቅመውን መማር ነውር አይደለም።

እንግዲህ ለብዙ ዘመን ቆሞ የኖረ መኪና ወደ ጋራዥ ቢመጣ፥ ብልህ መካኒክ ከምን ይጀምራል? ችኩል ሰው ሞተሩን ወዲያው ሊያስነሣ ይሻል፤ ብልህ ግን እጁን ይሰበስባል። የቆመ ሞተር በውስጡ ይዝጋል፤ ፒስተኑን የሚከብቡት ፋሻዎችም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋራ ይጣበቃሉ። በዚህ ጊዜ በግድ ቢያዞሩት ፋሻው ይሰበራል፤ ግድግዳውም ይፋቃል። ስለዚህ አስቀድሞ በየሲሊንደሩ ዘይት ያፈሱበታል፤ ዘይቱም እስኪሰርግ ድረስ ይታገሡታል፤ ከዚያም በእጅ ቀስ አድርገው ያዞሩታል።

ቀጥሎም አሮጌውን ናፍታ አውጥቶ ማፍሰስና ማጣሪያውን መለወጥ ይገባል። የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም፤ አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ እጅግ ስለሚታመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍታው ተረጭቶ ይነድዳል። ይህን ሥራ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ አሳየ። ናፍታውን የሚረጨው ፖምፓ አካሎቹ እርስ በርሳቸው እጅግ ተቀራርበው የተገጠሙ ናቸው፤ በመካከላቸውም የጠጕር ውፍረት ያህል እንኳ ክፍተት የለም። ስለዚህ ለዐይን የማይታይ ትቢያ ታላቁን ሞተር ያቆመዋል። ትንሽ ነው ተብሎ የተናቀ ጕድፍ ትልቁን ሥራ እንደሚያጠፋ ከዚህ ተማሩ።

ከሞተሩ በኋላ ሻንሲው ይመረመራል፤ ሻንሲ ማለት መኪናው ሁሉ የተሸከመበት አጥንት ነው። ከሜጋ ብዙ በማይርቀው በኤል ሶድ፥ በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ካለው ሐይቅ ሰዎች ጠልቀው ጨው ያወጣሉ፤ አህዮችም እስከ አፋፉ ድረስ ይሸከሙታል። ጨው ለሰውና ለከብት ሕይወት ነው፤ ለብረት ግን ጠላት ነው። እርጥብ ጨው የጫነ መኪና ካልታጠበ፥ የሚንጠባጠበው ውኃ በሻንሲው ስፌት ውስጥ ገብቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ መካኒኩ ጭቃውንና ዝገቱን ሁሉ ፍቆ በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ስንጥቅ ቢያገኝ በላዩ ላይ ብቻ ብየዳ አያፈስበትም፤ ስንጥቁ በሚያበቃበት ስፍራ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያም ወዲያ እንዳይሄድ ካደረገ በኋላ ይበይደዋል። የተሸፈነ ስንጥቅ አልዳነም፤ ተሰወረ እንጂ።

የፈታውን ቡሎን ሁሉ በየወገኑ ለይቶ ያስቀምጣል። መለዋወጫ ቢታጣ፥ አሮጌውን አካል በጥንቃቄ ለክቶ ወደ ቶርኖ ቤት ይወስደዋል፤ በልኩም ያስቀርጸዋል። «ይህስ ይበቃዋል» ብሎ ልኩ ያልሆነውን በመዶሻ አያስገባም።

አሁን ወደ ነገሩ ራስ እንመለስ። አንድ ባለ መኪና ወደ ጋራዥ መጥቶ እንዲህ አለ እንበል፤ «ወንድሜ፥ ፍሬኑ እስከ ዛሬ ሲይዝ ኖሯል፤ ደግሞም የሚያየው የለም። ቀለሙን ቀብተህ ነገ በማለዳ አስረክበኝ፤ የከብት ነጋዴዎች ይጠብቁኛል።» መካኒኩም እንዲህ ሲል መለሰ፤ «ጌታዬ፥ ቀለሙን ሰው ያየዋል፤ ፍሬኑን ግን ቍልቍለቱ ያየዋል። ሸራው አልቋል፤ ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

ይህ መልስ ዋጋ ያስከፍላል። ባለ መኪናው ተቈጥቶ ወደ ሌላ ቢሄድ፥ መካኒኩ ደመወዙን ያጣል፤ ልጆቹም ያን ሳምንት በጥቂት ይኖራሉ። እውነት ምንም አታስጐድልም የሚል መምህር ቢኖር፥ እርሱ ለዕለት እንጀራው ደክሞ የማያውቅ ነው።

ነገር ግን ሌላውን ወገን ደግሞ መዝኑ። የተጫነ መኪና ቍልቍለት ሲወርድ ክብደቱን ሁሉ የሚገታው ታምቡሩ ላይ የሚጫነው ሸራ ነው፤ በመፋተጉም ይግላል። ሸራው ካለቀ ብረት ብረትን ይፍቃል፤ እጅግ ሲግልም የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ በዝግታ ቢወርድ እንኳ፥ የማይይዝ ፍሬን በጭንቅ ሰዓት አይረዳውም። በጋቢናው ሾፌሩ፥ ከጎኑ ረዳቱ፥ በጭነቱም ላይ ወደ ገበያ የምትሄድ እናት ተቀምጣለች። እነዚህ ሰዎች መካኒኩን አያውቁትም፤ ስሙንም ሰምተው አያውቁም። ነፍሳቸውን ግን በእጁ ሥራ ላይ ጥለው ሄደዋል። ከማያውቁት ሰው የተቀበሉትን አደራ የሚያህል ምን አደራ አለ? ባለ አደራውስ በጨለማ ቢበላው ማን ይከሰዋል? ስለዚህ ጥሩ መካኒክ ፍሬኑንና ሻንሲውን ያስቀድማል፤ ቀለሙን በመጨረሻ ይቀባል።

በቦረና ምድር ያሉ ሽማግሌዎች ይህን ጥበብ በሌላ ሥራ ያውቁታል። «ቱላ» የሚባሉት ዘጠኙ ጥልቅ የውኃ ጕድጓዶች ከጥንት የተቈፈሩ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ በሜጋና በያቤሎ መካከል ባለው በዱብሉቅ ይገኛል። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፥ እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ። ጕድጓዱ በደለል ቢሞላ ወይም ቢናድ ግን ማኅበሩ ተሰብስቦ ይጠርገዋል። ይህም ድካም ከከብት ገንዳው አጠገብ ለቆመ እንግዳ አይታየውም። የልጅ ልጆች ዛሬ የሚጠጡት አባቶች ስለ ቈፈሩ ብቻ አይደለም፤ በመካከል ያለው ትውልድ ሁሉ ስለ ጠረገ ነው።

ይህን ስንል ግን አሮጌ ነገር ሁሉ ይታደሳል ማለታችን አይደለም። ሻንሲው በብዙ ስፍራ የተበላ መኪና፥ ባለቤቱ ቢወድደውም፥ ሰው ሊጫንበት አይገባም። በዚያን ጊዜ እውነተኛ መካኒክ «ይህ አይሆንም» ብሎ ይናገራል፤ ጤነኛ የሆኑትን አካሎች ግን ፈትቶ ለሌላ ያውላቸዋል። ማደስ ማለት ሞትን በቀለም መሸፈን አይደለም።

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ የአስፋልት መንገድ ተዘርግቷል፤ አዳዲስ መኪናዎችም ይሮጡበታል። መንገዱ ቢለሰልስም ሕጉ አልተለወጠም። ከእናንተ አንዱ መካኒክ፥ ሌላው ግንበኛ፥ ሌላው ጸሐፊ ይሆናል፤ ለእያንዳንዳችሁም የሚታይ ቀለምና የማይታይ ፍሬን አለላችሁ። ሥራችሁን ስትጨርሱ «ማን ያየዋል?» አትበሉ፤ «ማን ይጫንበታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ።
1. ለብዙ ዘመን የቆመ ሞተር በችኰላ የማይነሣው ስለ ምንድር ነው?
2. ጨው የጫነ መኪና መታጠብ የሚገባው ለምንድር ነው?
3. «ፍሬኑን ግን ቍልቍለቱ ያየዋል» ማለት ምን ማለት ነው?
4. በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ የማይታይ፥ ነገር ግን ሌላው ሰው የሚታመንበት ሥራ የትኛው ነው?