ከማስታወቂያ ሥዕል ወደ ሕፃናት መጽሐፍ

ለአንድ ሥራ የተለማመዱት ሙያ ለሌላው ሥራ መግቢያ በር መሆኑ በንግድ ዓለም ዘወትር የሚታይ ነገር ነው። ለዚህም የአሜሪካዊው ሠዓሊ የሚስተር ኤሪክ ካርል ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

ሚስተር ካርል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት ሲራክዩዝ በተባለው ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ጀርመን አገር ሄደው፣ በሽቱትጋርት ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በ1952 ዓ.ም. 40 ዶላር ብቻ ይዘው ወደ ኒውዮርክ ከተመለሱ በኋላ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በንድፍ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ቀጥሎም በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ለብዙ ዓመታት የሥነ ጥበብ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል።

የማስታወቂያ ሥራ ለሠዓሊ ሦስት ነገር ያስተምራል። ይኸውም በጥቂት መስመር ብዙ መናገርን፣ የተመልካችን ዓይን ወዲያው መሳብን፣ ሥራን በተቀጠረው ቀን ማስረከብን ነው። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን ታሪኩን የሚከተለው በሥዕሉ ስለሆነ፣ ይህ ልማድ ለሕፃናት መጽሐፍም እጅግ ይጠቅማል።

ደራሲው ቢል ማርቲን፣ ሚስተር ካርል ለማስታወቂያ የሠሩትን የአንድ ቀይ ሎብስተር ሥዕል ተመልክተው ለድርሰታቸው ሥዕል እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ስለ ቡናማው ድብ የሚናገረውም መጽሐፍ በ1967 ዓ.ም. ታተመ።

በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ሚስተር ካርል ራሳቸው የደረሱት፣ ስለ አንድ የተራበ አባጨጓሬ የሚተርከው መጽሐፍ ወጣ። ሐሳቡ የመጣላቸው ወረቀት በመብሻ ሲበሱ ነበር። በመጀመሪያ ያሰቡት ስለ ትል ለመጻፍ ሲሆን፣ ትሉን ወደ አባጨጓሬ የለወጠው የአዘጋጇ የአን ቤነዱስ ምክር ነው። ቀዳዳ ያላቸውንና መጠናቸው የተለያየውን ገጾች በአሜሪካ ለማተም ወጪው ስለከበደ፣ አዘጋጇ በጃፓን አገር ማተሚያ ቤት ፈለጉለት። መጽሐፉ ከ60 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሚስተር ካርል በ2021 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ለማንኛውም ደንበኛ የሚሠራ ሥራ የሠሪው ናሙና ስለሆነ በቸልታ ሊሠራ አይገባም። ሁለተኛ፣ ሠዓሊ የአዘጋጅን ምክርና የማተሚያ ቤትን ሒሳብ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል። ሦስተኛ፣ የማስታወቂያ ሥዕል ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ያልቃል፤ መጽሐፍ ግን ውሉ ከፈቀደ ከሚሸጠው ቅጂ ሁሉ ድርሻ ያስገኛል። ስለዚህ የወር ደመወዙን ትቶ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ሰው፣ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ውሉን አጥብቆ መመርመር ይገባዋል።