ስለ ጭንቀትና ስለ እውነተኛ ሰላም

ምእመናን ሆይ፤ በራቤልና በግሼ ደጋ የበልግ ዝናም ሲዘገይ፥ ገብሱም በውርጭ ሲመታ፥ የገበሬው ልብ እንደሚታወክ እናውቃለን። ልጆቹን የሚወድ አባት ያስባልና፥ ማሰቡን አንነቅፍም። ነገር ግን ማሰብ ሌላ፥ መጨነቅም ሌላ ነው፤ ማሰብ እጅን ለሥራ ያነሣል፥ ጭንቀት ግን እጅን ያስራል፥ እንቅልፍንም ይነሣል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ወፎች ሲናገር ስንፍናን አላስተማረም፤ ወፍም ምግቧን ፍለጋ ትበራለችና። ያስተማረን የነገን ሸክም ዛሬ እንዳንሸከም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ሰላም የጻፈው በእስራት ሳለ ነበር፤ እንግዲህ ይህ ሰላም መከራው እስኪያልፍ አይጠብቅም። ስለዚህ የተጨነቀ ሁሉ ጭንቀቱን በጸሎት ለእግዚአብሔር ያቅርብ፥ ለንስሐ አባቱም ይግለጥ። ዘር የተረፈውም ለጎረቤቱ ያበድር፤ እግዚአብሔር የተጨነቀውን የሚያጽናናው በወንድሙ እጅ ጭምር ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።