ስለ ዘር አጠባበቅና ስለ ባላገር ሴት ሥራ

አንድ የወረዳ ሹም እርሻ ሊጐበኝ ወደ ባላገር ቤት በመጣ ጊዜ፣ ገበሬው አስቀድሞ የሚያሳየው በሬዎቹን ነው፤ ቀጥሎም ሞፈርና ቀንበሩን፣ ከዚያም በኋላ ማሳውን ያሳየዋል። ሹሙም ይህን ሁሉ ተመልክቶ ከጻፈ በኋላ እርሻውን ያየ ይመስለዋል። ነገር ግን በሚመጣው ዓመት ማሳው የሚዘራ ወይም ጦም የሚያድር እንደ ሆነ የሚያስታውቀው ነገር በደጅ አይደለም፤ በጓዳ ነው። የጓዳውም ነገር በቤቱ እመቤት እጅ ነው። ሹሙ ግን ጠላ ስትቀዳለት አመስግኖ ይጠጣል እንጂ፣ ስለ ዘሩ አንድ ቃል እንኳ ሳይጠይቃት ይሄዳል።

በደጋና በወይና ደጋ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። ልማዱ ከጥንት የመጣ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እርሻ የወንድ ሥራ ብቻ ነው ብሎ ይናገራል። የዓመቱ ሥራ በየወሩ ተከፍሎ ቢታይ ግን ነገሩ እንዲህ ሆኖ አይገኝም። ጓል መከስከስ፣ በሐምሌና በነሐሴ ማረም፣ የታጨደውን መሸከም፣ ዐውድማውን በእበት መለቅለቅ፣ እህሉን ማበጠርና መንፋት፣ ወደ ጎተራም ማስገባት፣ ይህ ሁሉ ሴት ያለችበት ሥራ ነው። ውሃው፣ እንጨቱ፣ ወፍጮው፣ ሊጡና ልጁ በዚህ ላይ ይጨመራሉ። በጓሮ ያለው ጎመን፣ ዱባ፣ ጌሾና ጤና አዳም ደግሞ ከተከላው እስከ ለቀማው የእርስዋ ነው። አመዱና የቤቱ ጥራጊ ዘወትር ስለሚፈስስበት የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ የወፈረ ሆኖ ይታያል፤ ስለ መሬት ማዳበሪያ ለማስተማር የሚፈልግ ሹም ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አያገኝም።

ከዚህ ሁሉ ሥራዋ የሚበልጠው ግን ዘርን መጠበቅ ነው። ዘር የሚመረጠው በጎተራ አይደለም፤ እህሉ ገና በቆመበት በማሳው ላይ ነው። ማሽላ በሚደርስበት ጊዜ አስተዋይ ሴት ከአጨዳው በፊት በእርሻው መካከል እየዞረች ራሱ የሞላውን፣ ቀድሞ የደረሰውን፣ ወፍ ያልደፈረውንና በፍሬው ፋንታ ጥቁር ዱቄት ያልቋጠረውን ለይታ ትቈርጣለች። ይህንንም አስራ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች፤ ጢሱና ሙቀቱ ነቀዝን ያርቀዋልና። ባቄላውንና አተሩን ከአመድ ጋር ቀላቅላ በጎታ ወይም በእንስራ ታኖረዋለች። ጤፍ ግን ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አያገኘውም፤ በደረቅ ስፍራ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ይቈያል። በሐረርጌና በሌላም ቆላ አገር ማሽላ በጉድጓድ ይቀበራል፤ ከጉድጓዱ የወጣው እህል ለመብል ቢሆንም፣ ሙቀትና እርጥበት ፅንሱን ስለሚገድለው ለዘር አይታመንም። ስለዚህ የዘሩ ማሽላ ለብቻው በቤት ውስጥ ይኖራል። ይህን ልዩነት ባላገሯ ሴት ከእናትዋ ተምራ ታውቀዋለች፤ በጽሕፈት ቤት የተማረው ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ሳያውቀው ይገኛል።

ደግሞ ወንዱና ሴቲቱ እህልን የሚመዝኑበት ሚዛን አንድ አይደለም። ወንዱ የሚያየው የምርቱን ብዛት፣ ለከብቱ የሚተርፈውን ጭድና የገበያውን ዋጋ ነው። ሴቲቱ ግን ዱቄቱ ምን ያህል እንደሚበረክት፣ እንጀራው ለሦስት ቀን ለስልሶ መሰንበቱን፣ ለቆሎ የሚሆነውንና ለብቅል የሚሻለውን ትመለከታለች። ስለዚህ ባልዋ አንዱን ዓይነት ብቻ መዝራት ሲወድ፣ እርስዋ ከሌሎቹም ጥቂት ጥቂቱን በልዩ ልዩ ዕቃ ትቋጥራለች። ይህ የጓዳ ጥንቃቄ ለክፉ ቀን የሚሆን ጥበብ ነው። በሚያዝያ የተዘራው ማሽላ ዝናብ አጥቶ ቢቀር በሐምሌ ጤፍ ይዘራበታል፤ ጤፉም ባይሆን ክረምቱ ሲወጣ በተረፈው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚቻለው የሦስቱም ዘር በቤት ሲገኝ ነው።

የዚህን የጓዳ ሀብት ዋጋ የውጭ አገር ሊቃውንት ፈጥነው ተረድተውታል። ኒኮላይ ቫቪሎፍ የተባለው የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴንና የገብስን ዘር ሰብስቦ ሄደ፤ በኋላም ይህችን አገር የብዙ አዝርዕት ዓይነት ከሚገኝባቸው ከዓለም ታላላቅ ስፍራዎች እንደ አንዱ አድርጎ ቈጠራት። ክሽክሽ የሚያዛምተውንና ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን በሽታ የሚቋቋም ጠባይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ የካሊፎርንያ ገበሬዎች ተጠቅመውበታል። ያን ገብስ ግን አንድም ሊቅ አልፈጠረውም። ከዘመን ወደ ዘመን እየመረጡ ያቆዩት ባላገሮች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ብዙዎቹ ናቸው።

በአገራችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. የአዝርዕትን ዘር የሚሰበስብና የሚጠብቅ ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ከዚያ ያደገ ነው። ማዕከሉን ለብዙ ዘመን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በቀዝቃዛ ቤት ተዘግቶ መቀመጡ ብቻ አይበቃም፤ በገበሬው እጅ እየተዘራ መኖር አለበት የሚለውን ሐሳብ በሥራ ስለ ገለጹ፣ በ1982 ዓ.ም. ከስዊድን አገር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በወሎና በትግራይ ያስተማረው ትምህርት ይኸው ነበር። የተራበ ቤት አስቀድሞ ከብቱን ይሸጣል፤ የዘሩን እህል የሚበላው በመጨረሻ ነው። ዘሩ ከተበላ በኋላ ዝናብ ቢመለስም የሚዘራ የለም፤ ከሩቅ የመጣውም የዕርዳታ እህል ለአገሩ አፈር የተለመደ አይደለም።

እዚህ ላይ የነገሩ ክብደት ይገኛል። በነሐሴ ጎተራው ሲጐድል፣ ከቤተ ሰቡ መካከል ዛሬ ስንት እንጀራ እንደሚጋገር የምትቈርጠው ሴቲቱ ናት። ልጁ እያለቀሰ፣ የዘሩም ቁና በማዶ ቆሞ እየታየ፣ አይነካም ብላ የምትከለክለው እርስዋ ናት። ባልዋ ለዕዳ ወይም ለድግስ ከዘሩ ላይ ሊሸጥ ሲነሣ የምትሟገተውም እርስዋው ናት። ነገር ግን መሬቱ በስምዋ ካልተጻፈና ንብረቱ የእርስዋም እንደ ሆነ ካልታወቀላት፣ ክርክርዋ የአፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ ደግሞ ዘሩም ዕውቀቱም ከእርስዋ ጋር ከቤት ይወጣል።

ሕጉ በዚህ ነገር ብዙ መንገድ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ መሬት ለአራሹ ቢደርስም፣ በገበሬ ማኅበር መዝገብ የሚገባው ባብዛኛው የአባወራው ስም ነበረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና አስተዳደር ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም ባልና ሚስት የጋራ ንብረታቸውን በአንድነት እንዲያስተዳድሩ አደረገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በትግራይ በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ምዝገባ የቤቱን ኃላፊ ስም ብቻ የሚጽፍ ነበር፤ በኋላ በአማራ ክልል በተደረገው ምዝገባ ግን የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በደብተሩ ላይ ገባ። ፎቶግራፉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ማንበብ የማትችል ሴት እንኳ መልክዋን አይታ ይህ የኔም ነው ለማለት ትችላለች።

ሕጉ ቢጻፍም በሥራ ላይ የሚታየው ችግር ገና አለ። አንዲት ባልቴት እንደምሳሌ ትወሰድ። ደብተሩ በስምዋ ነው፤ በሬ ግን የላትም፤ ወይም አንድ በሬ ኖሯት ለመቀናጆ የሚጠምድላት ወንድ የላትም። ልማዱ እርፍ እንዳትጨብጥ ስለሚከለክላት መሬትዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አራሹ የራሱን ማሳ አስቀድሞ አርሶ ዘርቶ ወደ እርስዋ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ ምርቱ ያንሳል፤ ያነሰውም እኩል ይከፈላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ አራሹ መሬቱን እንደ ራሱ መቍጠር ይጀምራል፤ የሟች ባልዋም ዘመዶች ድንበር ይገፋሉ። በዚህ ጊዜ አቤቱታዋ የሚደርሰው ወደ ወረዳው ሹም ነው፤ ሹሙም ከሳሿን ሴት አቁሞ ተከሳሾቹን ወንዶች አስቀምጦ የሚሰማ ከሆነ፣ ፍርዱ ሳይነገር ተነግሯል ማለት ነው። መሬት በእኩል የሚሰጥና የሚቀበል ባለይዞታም ውሉን በምስክር ፊት አስጽፎ፣ የሚታረስበትን ጊዜና ዘሩን የሚያቀርበው ማን እንደ ሆነ በውሉ ላይ ቢያኖር፣ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሴት ሥራ ከዚህም ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሐዲያና በወላይታ የእንሰትን ችግኝ ወንዱ ይተክላል፤ ተክሉ ከደረሰ በኋላ ግን መፋቁ፣ ኮባው ተሸፍኖ በጉድጓድ እስኪብላላ መጠበቁ፣ ቡላውን ከቆጮው መለየቱ የሴት ነው፤ በብዙ ስፍራም ወንድ ወደ መፋቂያው እንዲቀርብ ልማዱ አይፈቅድም። ሥራው ብርቱ ስለ ሆነ ሴቶች ተጠራርተው ዛሬ ለአንዲቱ፣ ነገ ለሁለተኛይቱ ይፍቃሉ። ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚመገብበት ተክል ነው፤ በእንሰት ቦታ ስለ እንሰት በሽታ የሚደረግ ጉባኤ ወንዶችን ብቻ ቢሰበስብ፣ ቢላዋው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በሽታ እንዳያሻግር የሚጠነቀቀው ማን ይሆናል?

የሴቶች ባልንጀርነት ለእርሻ የሚሰጠው ጥቅም እንዲህ ያለው ብቻ አይደለም። በጉራጌ ውጆ በሚባለው ማኅበር ሴቶች የየራሳቸውን ጥቂት ቅቤ በየተራ ለአንዲቱ ይሰጣሉ፤ እርስዋም በአንድ ጊዜ ብዙ ቅቤ ሸጣ ለቤትዋ የሚያስፈልገውን ትገዛለች። በሌላው አገር የማርያም ማኅበር፣ እቁብና የፈትል ስብሰባ አለ። በቡናው ዙሪያ፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ የየማን ዘር እንደ በቀለና የየማን ዘር እንደ ጠፋ ይነገራል። ዘር የጠፋባት ሴት ከባልንጀራዋ አንድ ቁና ትበደራለች፤ በአዝመራው ጊዜም ሞልታ ትመልሳለች። ለዚህ ብድር የተጻፈ ውል የለም፤ ሆኖም በአንድ ቤት የጠፋ የገብስ ዓይነት በጎረቤት ተገኝቶ የሚመለሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ጥበብ ከቤት ወጥቶ ለአገር የሠራበት ጊዜም አለ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቅ የሚያቀርብለት መሥሪያ ቤት አልነበረውም። በሶውን፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን ያዘጋጁት፣ በመንገድም እየፈጩና እየጋገሩ፣ በጦርነቱም ቀን ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ እያመላለሱ ያገለገሉት ሴቶች ነበሩ። በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጠላት ጦር የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ ያሰቡት እቴጌ ጣይቱ መሆናቸው የታወቀ ነው። ውሃ ለቤት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ውሃ ለጦር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አይቸገርም።

እንግዲህ የየወረዳው ሹም በሥራ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። ስለ እርሻ ጉባኤ ሲጠራ የጥዋቱ ውሃ ከተቀዳ በኋላ፣ የገበያም ቀን ባልሆነ ዕለት ይጥራ፤ አለዚያ ሴቶቹ አይመጡም፤ ባለመምጣታቸውም መውቀስ አይገባም። አዲስ ዘር ሲታደል ከመዘራቱ በፊት ጥቂቱ ለሴቶቹ ተሰጥቶ ይፈጭ፣ ይጋገርም፤ እንጀራው የማይሆን እህል ምርቱ ቢበዛም በሁለተኛው ዓመት ይተዋልና። አዲሱም ቢወደድ የቀድሞው ዘር በሙሉ አይጣል፤ ከየዓይነቱ ጥቂት በየቤቱ ይቈይ።

የዘሩንም ደኅንነት ለመፈተን እንዲህ ይደረጋል። ከጎታው ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ተዘግኖ አንድ መቶ ፍሬ ይቈጠራል። ፍሬው በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በቤት ውስጥ ለብ ባለ ስፍራ ይቀመጣል፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውሃ ይርከፈከፍበታል። በሰባተኛው ቀን የበቀለው ይቈጠራል። ከሰማንያ በላይ ቢበቅል ዘሩ መልካም ነው፤ ከዚያ ቢያንስ በማሳው ላይ አብዝቶ መዝራት ያስፈልጋል፤ ከግማሽ በታች ቢሆን ግን ያ እህል ለመብል ይዋልና ሌላ ዘር ይፈለግ። ይህ ፈተና ከመዝራት ሁለት ወር ቀድሞ ቢደረግ ለመበደር ጊዜ ይገኛል። ቈጠራውን የቤቱ እመቤት ታድርገው፤ የእርሻው ሠራተኛም የተገኘውን ቍጥር ከእርስዋ ስም ጋር በመዝገብ ይጻፈው።