የጤና ትምህርት፦ ለተዛመተ የሐሞት ከረጢት ካንሰር ምን ሕክምና አለ?

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ስናይ ብዙዎቻችን «የወፍ በሽታ ነው» ብለን ቅጠል እናጠጣዋለን። ቢጫነት ግን አንዳንድ ጊዜ የሐሞት ከረጢት ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ በሽታ ነው።

የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ይገኛል። ጉበት የሚያመነጨውንና ቅባት ለመፍጨት የሚረዳውን ሐሞት ያጠራቅማል። በከረጢቱ ውስጥ ጠጠር ያለባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹን ግን ካንሰር አይዛቸውም። ካንሰሩ ሲጀምር ሕመም ስለማያሰማ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ወደ ጉበት ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከረጢቱን ቆርጦ ማውጣት በሽታውን አያጠፋውም። ሆኖም «ቀዶ ሕክምና አይደረግለትም» ማለት «ሕክምና የለውም» ማለት አይደለም።

1ኛ/ የተዘጋውን መስመር መክፈት፦ እጢው የሐሞቱን መስመር ሲዘጋ ሐሞት ወደ ደም ይገባል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ሰገራ ይነጣል፤ ሰውነት ያሳክካል። ቅጠል የተዘጋ መስመር አይከፍትም። ሐኪም ግን በአፍ በሚገባ መሣሪያ ወይም በቆዳ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባል። ቱቦው ሊደፈን ስለሚችል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወይም ዓይን እንደገና ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ኬሞቴራፒ፦ ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን የሚባሉ መድኃኒቶች በደም ሥር ይሰጣሉ። በእንግሊዝ አገር የሐሞት ከረጢትና የሐሞት መስመር ካንሰር ባለባቸው 410 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ጄምሲታቢን ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ8.1 ወር በላይ፣ ሁለቱን ከወሰዱት ደግሞ ግማሾቹ ከ11.7 ወር በላይ ኖረዋል። እንግዲህ መድኃኒቱ ዕድሜ ያራዝማል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። ያስመልሳል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አቅም ላለው ሕመምተኛ በሆስፒታል በክትትል ይሰጣል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዱርቫሉማብ የሚባል መድኃኒት ይጨመርበት ጀምሯል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

3ኛ/ ሕመምን ማስታገስ፦ ይህ ለሁሉም ሕመምተኛ ይገባል። ለከባድ ሕመም የሚጠጣ ሞርፊን አለ። በኡጋንዳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ጭምር እንዲያዙት ሕጉ ፈቅዷል። ሞርፊን የሚወሰደው ሕመሙ እስኪበረታ ተጠብቆ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። በሐኪም ትእዛዝ ለሕመም ሲወሰድ «ሱስ ያስይዛል» ብሎ መከልከል ሕመምተኛውን በከንቱ ማሠቃየት ነው።

ዕቃ ሸጣችሁና ተበድራችሁ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦
ሀ/ ይህ ሕክምና የሚሰጠው ለማዳን ነው፣ ዕድሜ ለማራዘም ወይስ ሥቃይ ለመቀነስ?
ለ/ ስንት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል?
ሐ/ ባይወስደውስ ምን ይደረግለታል?

በባህላችን ክፉ ወሬ ከሕመምተኛው ይደበቃል። ነገር ግን መርፌውንም መንገዱንም የሚችለው እርሱ ነው። ስለዚህ የሚፈልገውን ያህል ይነገረው፤ ፈቃዱም ይጠየቅ። ቀሪውን ጊዜ ከሆስፒታል ይልቅ ከልጆቹ ጋር ማሳለፍን ቢመርጥም፣ የሕመም ማስታገሻው ሊቋረጥበት አይገባም።