ትምህርት 14፦ መኪናው የሚጮኸው መቼ ነው?

1. መግቢያ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ወይም አንድ ችግር ከምን እንደሚመጣ ያስረዳል። ጸሐፊው ነገሩ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚሆን ለይቶ ካልተናገረ አንባቢው በግምት ይቀራል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ጊዜንና ሁኔታን የሚያመለክቱትንም ሐረጎች ልብ በሉ።

2. ምንባብ

አንድ የሚኒባስ ሾፌር ወደ ጋራዥ ገብቶ፣ «መኪናዬ ይጮኻል» ቢል መካኒኩ ምን ሊያደርግለት ይችላል? መኪና በብዙ ምክንያት ይጮኻል። በግምት የተጀመረ ጥገና ደኅናውን ዕቃ አስፈትቶ የታመመውን ያስቀራል፤ የሾፌሩንም ገንዘብ ይበላል። ሾፌሩ፣ «ነዳጅ ስሰጥ ያላዝናል፤ እግሬን ሳነሣ ድምፁ ይለወጣል» ቢል ግን የምርመራው እኩሌታ ተፈጸመ ማለት ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ድምፁ ሞተሩን ወይስ ጎማውን የሚከተል መሆኑ ነው። ይህን ለመለየት መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ ሳይገባ ነዳጅ ይሰጣል። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ድምፁም እየቀጠነ ከሄደ፣ ጥፋቱ የሚፈለገው ሞተሩ ከሚያዞራቸው ዕቃዎች፣ ማለትም ከችንጋው፣ ከዲናሞው፣ ከውሃ ፓምፑና ከመሪው ዘይት ፓምፕ ዘንድ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ግን ወደ ካምቢዮው ኩሽኔታ ይመራል። የላላ ወይም ያረጀ ችንጋ ሲጥ ሲጥ ይላል። የመሪው ፓምፕ መሪው ሲጠመዘዝ ይበልጥ ያቃስታል፤ ብዙውን ጊዜም ምክንያቱ የዘይት መጉደል ስለሆነ፣ ዘይቱን ከመሙላት ጋር የፈሰሰበትን ቦታ መፈለግ ያሻል። ችንጋን ከልክ በላይ ማጥበቅ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይጎዳል። በምርመራው ጊዜ እጅንና ልብስን ከሚዞረው ችንጋ ማራቅ ግድ ነው።

መኪናው ሲቆም ዝም ብሎ ሲሄድ ብቻ የሚያላዝን ከሆነ፣ ፍለጋው ወደ ካምቢዮ፣ ወደ ዲፈረንሻልና ወደ እግሮቹ ይዞራል። ድምፁ በአንድ ማርሽ በርትቶ በሌላው ከጠፋ ካምቢዮው ይጠረጠራል። ወደ ኋላ ሲነዳ የሚሰማው ፉጨት ግን በብዙ መኪኖች ከማርሹ ጥርስ አሠራር የሚመጣ እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ማርሽ ቢቀየርም የመኪናውን ፍጥነት ብቻ የሚከተል፣ ነዳጅ ሲሰጥ የሚጮኽና እግር ሲነሣ የሚለወጥ ድምፅ የዲፈረንሻል ነው ተብሎ ይገመታል። በኋላ እግሩ ኃይል በሚሄድ ሚኒባስ ዲፈረንሻሉ የሚገኘው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ጥርሶቹ በአንደኛው ፊታቸው፣ እግር ሲነሣ ደግሞ በሌላው ፊታቸው ይገፋፋሉ፤ ድምፁም የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የመሙያው ቡሎን ሲፈታ፣ ዘይቱ በአብዛኞቹ መኪኖች እስከ ቀዳዳው አፍ ሊደርስ ይገባል። ጎድሎ ከተገኘ ፍሳሹ ተደፍኖ የመኪናው አምራች ያዘዘው ዓይነት ዘይት ይሞላል። በዘይቱ ውስጥ የብረት ስባሪ ከታየ ግን ዘይት መጨመር አያድንም፤ ዲፈረንሻሉ ተፈትቶ ጥርሱና ኩሽኔታው መታየት አለባቸው።

ነዳጅ ቢሰጥም ባይሰጥም የማይለወጥ፣ መኪናው ሲታጠፍ ግን የሚበረታ ጉርምርምታ የእግር ኩሽኔታ ምልክት ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ያደላል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ከጨመረ የግራው ኩሽኔታ ይመረመራል። ይህን ድምፅ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ መሸፈን አደገኛ ነው። ፈጽሞ ያለቀ ኩሽኔታ ጎማን ከመኪናው እስከ ማስወለቅ ሊደርስ ስለሚችል፣ የተሳፋሪዎቹ ሕይወት በሾፌሩ ጆሮና በመካኒኩ ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

3. ሰዋስው፦ ጊዜና ሁኔታ አመልካች ጥገኛ ሐረጎች

ሀ. «ሲ» ሁለት ድርጊቶች አብረው መፈጸማቸውን ያሳያል።
ምሳሌ፦ መሪው ሲጠመዘዝ ፓምፑ ያቃስታል።

ለ. «በ . . . ቁጥር» አንዱ ሲጨምር ሌላውም መጨመሩን ያሳያል።
ምሳሌ፦ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል።

ሐ. «ቢ . . . ም» ሁኔታው ውጤቱን እንደማይለውጠው ያሳያል።
ምሳሌ፦ ማርሹ ቢቀየርም ድምፁ አይለወጥም።

«ሲታጠፍ ይጮኻል» እና «ቢታጠፍም ይጮኻል» የሚሉትን አነጻጽሩ። የመጀመሪያው ጩኸቱን ከመታጠፉ ጋር ያያይዘዋል፤ ሁለተኛው ግን ይለየዋል። ሾፌሩ አንዱን በሌላው ቦታ ቢናገር መካኒኩ ወደ ተሳሳተ ዕቃ ይሄዳል።

4. መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. «መኪናዬ ይጮኻል» የሚለው አነጋገር ለመካኒኩ የማይበቃው ለምንድን ነው?
2. የዲፈረንሻልና የእግር ኩሽኔታ ድምፆች በምን ይለያያሉ?
3. የጎደለ ዘይት መሙላት ብቻውን ጥገና የማይሆነው ለምንድን ነው?

ለ. «ያላዝናል»፣ «ያቃስታል»፣ «ጉርምርምታ» እና «ፉጨት» ከመኪና ሌላ ስለ ምን እንደሚነገሩ በዐረፍተ ነገር አሳዩ።

ሐ. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ ብልሽቱ መቼ እንደሚታይ፣ ከምን ሊመጣ እንደሚችልና እንዴት እንደሚጠገን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በሰዋስው ክፍል የተማራችኋቸውን ሦስቱንም ዓይነት ሐረጎች ተጠቀሙ።